የቡድን አሥራ ዘጠኝ ቃለ ጉባኤ

«ሚስትህ ኮሌጅ ውስጥ ሠላሳ ስድስት ሕዋስ አቋቁማለች» ሲል ሰማሁት። ድምፁ የሰብስቤ ነው፤ የታላቅ እህቴ የጉዲቱ ባል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገና አልሞላም። እኔ መኝታ ቤት ቆሜ ጸጉሬን አበጥራለሁ፤ እሱ ሳሎን ተቀምጦ ለባሌ ለደገፋ ክሴን ይዘረዝርለታል። ሳሎኑንና መኝታ ቤቱን የሚለያቸው ቺፕውድ ስለሆነ በቤታችን ሹክሹክታ የሚባል ነገር የለም፤ ሰብስቤም ይህን አሳምሮ ያውቃል። እኔን ፊት ለፊት ከመናገር ለባሌ ነግሮ እኔ እንድሰማ ማድረግ የእሱ ጨዋነት ነው። የደገፋ ማንኪያ ከሻይ ብርጭቆው ጋር ሲጋጭ ብቻ ይሰማኛል፤ ያማስላል፣ አሁንም ያማስላል። የሚያማስለው ስኳር ግማሽ ማንኪያ አይሞላም። የአገዳው እርሻ ከደጃችን የአንድ ሰዓት መንገድ አይሆንም፤ እኛ ግን የወሩን ስኳር የምናገኘው በቀበሌ ኩፖን ተሰልፈን ነው።

ወጣሁና ሰላም አልኩት። «ጋሼ ሰብስቤ፣ እንዴት አደሩ?» አልኩ። «እግዚ...» ብሎ ጀመረና ዋጠው፤ «ደህና፣ ደህና» አለ። ሰማያዊውን የስብሰባ ልብሱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ነበር፤ በናዝሬት ሙቀት በሚያዝያ ወር ይህን መልበስ በራሱ መስዋዕትነት ነው። የኮሌጁ የርዕዮተ ዓለም ጉዳይ ኃላፊ ከሆነ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ቤታችን ሲመጣ ግን ሁልጊዜ ዳቦ ወይም ብርቱካን ይዞ ነበር የሚመጣው። ዛሬ እጁ ባዶ ነው።

«ፀዳለ፣ በዝምድናችን ነው ቀድሜ የመጣሁት» አለኝ። «ተማሪዎቹ ያወሩትን የጻፉበት ወረቀት አለ አሉ። እስከ አሥር ሰዓት ቢሮዬ አምጪልኝ። ሁሉንም። በተለይ አሥራ ዘጠነኛውን።»

«የትምህርት ወረቀት ነው እኮ። ማርክ የምሰጥበት።»

«እሱን እናየዋለን» ብሎ ተነሣ። ሻዩን አልጠጣውም። ደገፋ እስከ በሩ ሸኝቶት ተመለሰና ብርጭቆውን ወደ ጓዳ ወሰደ። ነግሬሽ አልነበረም? እንዲለኝ ጠብቄ ነበር፤ አላለኝም። «ነገ ረቡዕ ነው» አለኝ ብቻ። «አውቃለሁ» አልኩት። ከዚያ ጫማውን አሥሮ ወደሚሠራበት መድኃኒት ቤት ሄደ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የምጣኔ ሀብት መግቢያ አስተምራለሁ። ተማሪዎቹ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ናቸው። አዳራሹ ቀድሞ የጥጥ መጋዘን ነበር፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ አግዳሚዎቹ በብረት ከወለሉ ጋር የተያያዙ፣ እያንዳንዳቸው ሦስት ሰው የሚያስቀምጡ። ስምንት ዓመት እዚያ አዳራሽ ውስጥ ስሠራ የኖርኩት አንድ ነገር ነው፤ እኔ አነባለሁ፣ እነሱ ይጽፋሉ። «ኮማ» ስል ኮማ ያደርጋሉ። «ጥያቄ አለ?» ስል ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ሰው ጫማውን ያያል። በፈተና ጊዜ ያጻፍኩትን አንድ ቃል ሳያጎድሉ መልሰው ይሰጡኛል፤ በሳምንቱ ገበያ ላይ አግኝቼ ብጠይቃቸው አንዱንም አያስታውሱትም። ዘንድሮ ሰለቸኝ። እውነቱን ለመናገር የራሴን ድምፅ መስማት ነው የሰለቸኝ። አግዳሚው ስለማይነቀል አንዱን ረድፍ እየዘለልኩ ፊታቸውን ወደ ኋላ እንዲያዞሩና ከበስተኋላቸው ካሉት ሦስቱ ጋር ጉልበት ለጉልበት እንዲገጥሙ አደረግኩ። ስድስት ስድስት ሰው፣ ሠላሳ ስድስት ቡድን። ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ እጽፋለሁ፤ ሃያ ደቂቃ ይከራከራሉ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ክርክሩን በአማርኛ ፈቀድኩ፤ ኦሮምኛ የሚቀናውም በኦሮምኛ። የመጀመሪያው ቀን ድምፃቸው ቆርቆሮውን ሲያናጋው በር ላይ ቆሜ እንባዬ መጣ። ስምንት ዓመት የት ደብቀውት ነበር?

ዘዴውን ከየት እንዳመጣሁት ከደገፋ በቀር የሚያውቅ የለም። ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገ ወዲህ ረቡዕ ረቡዕ ሳሎናችን ውስጥ ስምንት ሆነን እንጸልያለን፤ ሬዲዮኑን ከፍተን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን። በትልቁ አዳራሽ ሃያ ዓመት ትንፍሽ ብለው የማያውቁ እማማ ዘርፉ የሚባሉ ሴትዮ ስምንት ሰው መሃል ሲቀመጡ ምን ያህል የሚናገሩት እንደነበራቸው ያየሁት እዚያ ነው። ያን ነገር ወስጄ ወደ ጥጥ መጋዘኑ ገባሁ። ያጠፋሁት ጥፋት ግን እዚህ ላይ አይደለም። ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ሰው መሃል ማን እንደተናገረና ማን እንዳንቀላፋ ማወቅ አለብኝ ብዬ ከየቡድኑ አንድ ጸሐፊ አስመረጥኩና «ቃለ ጉባኤ ያዙ፤ ማን ምን እንዳለ በስሙ ጻፉ፤ ለተናገረ አሥር ማርክ አለው» አልኳቸው። እነዚህ ልጆች በቀበሌ ስብሰባ ያደጉ ናቸው። ቃለ ጉባኤ ከእኔ ይልቅ እነሱ ያውቁታል። ያመጡልኝ ወረቀት ሁሉ በመፈክር የሚጀምር፣ አጀንዳ ያለው፣ አርፍዶ የመጣው ጥፋቱን አምኖ ግለሂስ ያደረገበት፣ ስድስቱም የፈረሙበት ነበር። እንዲያውም ቤት ወስጄ ለደገፋ እያነበብኩለት ስቄያለሁ። እሱ አልሳቀም።

ወደ ኮሌጅ በጋሪ ሄድኩ፤ ሃያ አምስት ሳንቲም። ፈረሱ አቧራውን ያነሣዋል፣ ነፋሱ ይመልሰዋል። ወረቀቶቹን በፌስታል ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀምጫለሁ። ጋሪ ነጂው «የተማሪ ፈተና ነው?» አለኝ፤ «አዎ» አልኩት። ያን ያህል አልዋሸሁም። ቢሮዬ ገብቼ በሩን ዘጋሁና አሥራ ዘጠነኛውን አወጣሁ። ጸሐፊዋ ሸዋወርቅ ገሠሠ የምትባል ልጅ ናት፤ ጽሕፈቷ የታተመ ይመስላል፤ የቀበሌዋ ወጣቶች ማኅበር ጸሐፊም ነበረች። ጥያቄው ባለፈው ሳምንት ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ነው፤ ሁሩታ በገበሬው ደጅ በአርባ ሁለት ብር የሚነሣ ኩንታል ጤፍ ናዝሬት ገበያ ላይ ለምን መቶ አሥር ብር ይሆናል? አምስቱ የቡድኑ አባላት መጽሐፉ ያለውን ብለዋል፤ ትራንስፖርት፣ መጋዘን፣ ስግብግብ ነጋዴ። ስድስተኛው ላይ ሸዋወርቅ እንዲህ ጽፋለች።

«ጓድ ቀነዓ ሆራ በሰጠው አስተያየት፤ ነጋዴው ብቻ አይደለም፤ ገበሬውም ገዢ ሆኗል። አባቴ አምና በመንደር ምሥረታው ወደ አዲሱ መንደር ስለገባ ማሳው የሁለት ሰዓት መንገድ ሆነበት። ጠባቂ ያጣውን እህል ከብትና ከርከሮ ጨረሰው። ለመንግሥት የሚያስገባው የእህል ኮታ ግን አልቀረለትም። በሬውን ሸጦ ናዝሬት መጣና በመቶ አሥር ብር ጤፍ ገዛ፤ ሁሩታ መልሶ ወስዶ በአርባ ሁለት ብር አስረከበ። እንደ እሱ ያደረጉ ብዙ ናቸው። ሻጭ የነበረው ሰው ሁሉ ገዢ ከሆነ ዋጋው ለምን አይወደድም? ብሏል። በዚህ ጊዜ ሌሎቹ አባላት ዝም ብለዋል። አጀንዳው ተዘግቷል።»

ስምንት ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ መልስ አግኝቼ አላውቅም። መጽሐፉ ውስጥ የለም፤ እኔም አላሰብኩትም። ያገኘሁት ቀን ደስታው ልቦናዬን ሰውሮት ነበርና ከግርጌው በቀይ እስክሪብቶ «እጅግ ግሩም! አሥር ከአሥር። ለክፍሉ በሙሉ ይነበብ» ብዬ ጻፍኩበት፤ ፈረምኩበትም። አሁን ያን ቀይ ቀለም በመዳፌ ሸፈንኩት። ያየሁት ሒሳቡን ብቻ ነበር፤ ስሙን አላየሁትም። ይህ ወረቀት ሰብስቤ እጅ ከገባ ቀነዓ ወይ ይታሰራል፣ ወይ በሚቀጥለው ዙር ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ሰሜን ይላካል። ባለፈው ዓመት ከሦስተኛ ዓመት ሁለት ልጆች እንዲያ ሄደዋል፤ ስማቸው ከስም መጥሪያው ላይ በእርሳስ ተሰረዘ፣ አበቃ። አንድ ነገር ደግሞ ያሳስበኝ ጀመር፤ ወረቀቱን ከቡድኑና ከእኔ በቀር ያየው ከሌለ ሰብስቤ አሥራ ዘጠነኛውን ለይቶ እንዴት አወቀ?

ለምሳ እህቴ ጋ ሄድኩ። ምን እንድታደርግልኝ እንደፈለግሁ አላውቅም፤ ከእሷ ሌላ የምሄድበት አልነበረኝም። ጉዲቱ የምትኖረው ቀበሌ የሰጣቸው ቪላ ውስጥ ነው፤ ወለሉ ሰድር፣ ሳሎኑ ውስጥ ፍሪጅ ቆሟል፣ ፍሪጁ ላይ የፕላስቲክ አበባ። የድሮ ባለቤቶቹ በግድግዳው ላይ ሰቅለውት የነበረው ሥዕል ከወረደ ቆይቷል፤ የነበረበት ቦታ ግን እስካሁን ነጣ ብሎ ይታያል። ሽሮ አቀረበችልኝ። ሽንኩርት ሰማንያ ሳንቲም እንደገባ፣ ቲማቲም ከሞጆ የመጣው እንደሚሻል፣ የቤት ሠራተኛዋ ልትወጣ እንደሆነ ነገረችኝ። እኔም አዎን፣ እውነትሽን ነው እያልኩ በላሁ። ከሰብስቤ በፊት እሷና እኔ በአንድ መዘምራን ውስጥ ጎን ለጎን ቆመን ዘምረናል፤ ካገባችው ጀምሮ ስለ ረቡዕ አንድ ቀን ጠይቃኝ አታውቅም፣ እኔም ነግሬያት አላውቅም። ስለማትጠይቀኝ አመሰግናት ነበር፤ ዛሬ ግን እንድትጠይቀኝ ፈለግሁ።

ሳህኑን ስታነሣ ነው የተናገረችው። «ሌሊት እንቅልፍ የለውም» አለች፤ ስለ ባሏ መሆኑ ነው። «ከላይ ጠይቀውታል። ወረቀቱን ስጪውና ይውጣለት።»

«ልጁስ?»

«ልጁ ምንሽ ነው?»

«ተማሪዬ ነዋ።»

«ሁለት መቶ ምናምን አሉሽ አይደል?» አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም። በእውነት የምታጽናናኝ መስሏት ነው፤ እጄንም ያዝ አደረገችኝ። እጄን ቀስ ብዬ አወጣሁና «ሁለት መቶ አሥራ ስድስት» አልኳት። ስወጣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ስኳር ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችልኝ፤ አንድ ኪሎ ይሆናል፤ እነሱ ቤት ኩፖን የለም። አልመለስኩትም፤ እንዳልመልሰው ያደረገኝ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ መንገዱን ሙሉ አፈርኩበት።

ስምንት ሰዓት ላይ አዳራሹ እንደ ምጣድ ግሎ ነበር። ሠላሳ ስድስቱን ወረቀት ለየጸሐፊው መለስኩ። «ዛሬ አዲስ ጥያቄ የለም» አልኳቸው። «ይህን እንደገና ትጽፉታላችሁ። የሰው ስም አይገባበትም። የቡድኑ መልስ ብቻ፣ አንድ አንቀጽ። የድሮውን ለእኔ አትመልሱ፤ የራሳችሁ ነው፤ የምታደርጉትን አድርጉት።» ድምፄን እንደ ሌላው ቀን ለማድረግ ሞክሬ ነበር። ግን ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ሰው በአንድ ጊዜ ገባው። ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ባለፈው ሳምንት ቆርቆሮውን ያናጋው ድምፅ ጠፋ፤ ብዕር ወረቀት ላይ ሲሄድ ብቻ ይሰማል። ፊታቸውን ወደ ኋላ አዙረው የነበሩት ሳልነግራቸው አንድ በአንድ ወደ ፊት ዞሩ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሰበሰብኩ፤ እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ አገላበጥኩት። የሠላሳ ስድስቱም ቡድን መልስ አንድ ዓይነት ነበር፤ ትራንስፖርት፣ መጋዘን፣ ስግብግብ ነጋዴ። «በሙሉ ድምፅ ተስማምተናል» የሚለው ደግሞ ከሁሉም ግርጌ አለ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ የፈለግሁት ይህንኑ አይደል? ጠመኔዬን አስቀምጬ ውጪ ወጥቼ መጮህ ነው ያማረኝ።

ተማሪዎቹ ሲወጡ ሸዋወርቅ ቀረች። ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ፊቷ ገርጥቶ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመች። «መምህር፣ ግልባጩስ?» አለችኝ።

«የምን ግልባጭ?»

«ቃለ ጉባኤ ያዙ ሲሉን... ቃለ ጉባኤ እኮ ሁልጊዜ በሁለት ነው የሚጻፈው። ካርቦን አድርጌ ነበር። አንዱን ለእርስዎ፣ አንዱን ለሚመለከተው ክፍል።» ደብተሯን አጥብቃ ያዘች። «ሐሙስ ዕለት ለጓድ ሰብስቤ ጸሐፊ አስገባሁት። ፈርመው ተቀበሉኝ። ክፉ አስቤ አይደለም፤ እንዲያ ነው የለመድነው፤ አንዱ ፋይል ይሆናል፣ አንዱ ይላካል። ቀነዓ ጎበዝ ስለሆነ እንዲያውም ሽልማት ያገኛል ብዬ...» ልጨርስ ብትል አልቻለችም። ልቆጣት ነበር። ምን ብዬ ልቆጣት? ጻፊ ያልኳት እኔ ነኝ። በስሙ ጻፊ ያልኳትም እኔ ነኝ። እሷ ያደረገችው የታዘዘችውን አሳምሮ መፈጸም ብቻ ነው፤ ከሠላሳ ስድስቱ ጸሐፊዎች በጣም ጎበዟ እሷ ናት። «ሂጂ፣ ቀነዓን ፈልጊልኝ። በአሥራ አንድ ሰዓት የኮሌጁ በር ላይ ይጠብቀኝ» አልኳት። እየሮጠች ወጣች።

ሰብስቤ ቢሮ ስደርስ አሥር ሰዓት ሊሆን አምስት ጉዳይ ነበር። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሦስቱ ጢማም ሰዎች ከግድግዳው ሥዕል ላይ ያዩሃል፤ ቬንቲሌተሩ ይዞራል፣ የሚያዞረው ግን ሙቀቱን ነው። «ይቀመጡ፣ ጓድ ፀዳለ» አለኝ። ጠዋት አንቺ ነበርኩ፤ ጸሐፊው በሩ ላይ ስላለ ነው። አዲሶቹን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አላያቸውም። መሳቢያውን ከፈተና አንድ ወረቀት አውጥቶ ፊቴ አስቀመጠው፤ የካርቦን ሰማያዊ፣ የሸዋወርቅ ጽሕፈት። «ይህ ትክክለኛ ግልባጭ መሆኑን አረጋግጠው ይፈርሙ። ሌላ ከእርስዎ የምንፈልገው የለም።» ቀላል ነገር ነበር። ፈርሜ ብወጣ ማንም ምንም አይለኝም። እስክሪብቶውን አነሣሁ።

«ይህ የተማሪው ሐሳብ አይደለም» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ እኔንም አስደነገጠኝ። «እኔ በሌክቸር የሰጠሁት ምሳሌ ነው። አባቴ ገበሬ ነው እንበል፣ ኮታ ጎደለበት እንበል ብዬ የነገርኳቸው። እሱ የእኔን ደግሞ ነው የተናገረው።»

ሰብስቤ ተነሥቶ ጸሐፊውን ለውኃ ላከውና በሩን ዘጋ። ሲመለስ አንቺ ሆኜ ነበር። «አብደሻል? ልጁ ቢበዛ ሁለት ወር ነው። ይመከራል፣ ይወጣል። አንቺ ግን መምህር ነሽ፤ አንቺ ስትያዢ ማን አስተማረሽ ይባላል፤ ቤትሽ ማን ይገባል ይባላል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ረቡዕሽን የማላውቅ ይመስልሻል? ሁለት ዓመት እንዳላወቅሁ ሆኜ የኖርኩት ለማን ብዬ ነው?»

ፈራሁ። ደገፋ ጠዋት ብርጭቆውን ይዞ ወደ ጓዳ ሲሄድ ትከሻው ታየኝ፤ እማማ ዘርፉም ታዩኝ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ከሶፋው ጥግ ሲቀመጡ። እነሱን ልጠብቅ ወይስ ቀነዓን? ማንም እንዲህ ያለ ነገር ሊጠየቅ አይገባውም ብዬ በሰብስቤ ላይ ተናደድኩ፤ ከዚያ ደግሞ ግንባሩ ላይ ያለውን ላብ ሳየው እሱም እንደ እኔ እየፈራ መሆኑ ገባኝና ንዴቴ እንኳ ሙሉ አልሆነልኝም። ወረቀት ይስጡኝ አልኩት። ሰጠኝ። ጻፍኩ። «ከላይ የተጠቀሰው አስተያየት የተማሪ ቀነዓ ሆራ የራሱ ሐሳብ አይደለም። በክፍሌ ውስጥ ተማሪ የራሱን ሐሳብ አይናገርም፤ እኔ የማጽፈውን ይጽፋል፣ የጻፈውን ይደግማል። የቡድን ውይይት የተባለው ለስሙ ብቻ ነው።» እጄ የከበደኝ ስፈርም አይደለም፤ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ነው። ሰብስቤ አነበበው። ሁለት ጊዜ አነበበው። «ከዛሬ ጀምሮ ክፍል አትገቢም፤ ይኼን ታውቂያለሽ» አለኝ። «ልጁም ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይጠራል። ይህንኑ ማለት አለበት። አንዲት ቃል ከተለየ እኔም አላድናችሁም።» ከዚያ ዞሮ በመስኮት ማየት ጀመረ። ደህና ይዋሉ አልኩት። በሩን ዘግቼ ወጣሁ።

ቀነዓ በሩ አጠገብ፣ የአጥሩ ጥላ ሥር ቆሞ ነበር። ረጅም ልጅ ነው፤ እጅጌው ያጠረ ቡናማ ኮት አለው፤ በሙቀትም በብርድም ያው ነው። ሸዋወርቅ ሁሉንም ነግራዋለች። ሳየው የሚያለቅስ ወይም የሚሸሽ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ቀጥ ብሎ ጠበቀኝ። «መምህር፣ አይጨነቁ» አለኝ። «ነገ እነግራቸዋለሁ። ያልኩት እኔ ነኝ። ውሸት የለበትም፤ አባቴን መጠየቅ ይችላሉ፤ በሬውን የገዛው ሰውም ሁሩታ አለ።»

«አንተ ምንም አላልክም» አልኩት።

ያልሰማሁት መሰለው። ጎንበስ አለልኝ። «እኔ ነኝ ያልኩት» አለ እንደገና። «እርስዎ እኮ አሥር ከአሥር ሰጥተውኛል። ለክፍሉ ይነበብ ብለዋል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ...» ያለቀሰው አሁን ነው። ሰው እንዳያየው ፊት ለፊቱ ቆሜ ከለልኩት። ያ ሐሳብ የአንተ ነው፣ ስምንት ዓመት ስጠብቀው የኖርኩት ነው ልለው ፈለግሁ። እንዲህ ብዬ ከነገርኩት ግን ነገ ጠዋት ያንኑ ይላቸዋል፤ ኩሩ ልጅ ነው። ስለዚህ አልነገርኩትም። «የእኔ ምሳሌ ነበር» አልኩት። «ሰምተህ ነው የደገምከው። ሐሳቡ የአንተ አይደለም። ነገ ሦስት ሰዓት ሲጠሩህ እንዲህ ነው የምትለው።» ፊቴን ሲያይ ቆየ፤ ከፊቴ ላይ ሌላ ነገር ሊያነብ ይፈልግ ነበር፤ ምንም እንዳያገኝ አደረግኩ። እያየሁት ዓይኑ ውስጥ የነበረው ብርሃን ቀስ ብሎ ጠፋ። ዓይኑን በኮቱ እጅጌ ጠረገና ከአጥሩ ግርጌ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ደብተሩን አወጣ። ያልተጻፈበት ገጽ ፈለገ፣ ጉልበቱ ላይ ዘረጋው፣ ብዕሩን ከፈተ።

«እሺ» አለኝ። «ያጽፉኝ።»

አጻፍኩት። እኔ ቆሜ፣ እሱ ተቀምጦ፣ ገጹ እስኪሞላ። ሲጨርስ መልሶ አነበበልኝ፤ አንድም ቃል አላጎደለም። «ጥያቄ አለህ?» አልኩት። ጫማውን አየ።